ከ8ኛው ኬክሮስ በታች፦ የዓለም አቀፍ ታሪክና ፖለቲካ ጥናት ከሺሺንዳ ሲታይ

(በሺሺንዳ ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



ኅዳር 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው አንድ የሰላም ሐሳብ አዘጋጁ። የኢጣልያ ጦር መረብን ከተሻገረ ሁለት ወር አልፎታል። ጦርነቱን ለማስቆም ተብሎ የተነደፈው ይህ ሐሳብ በሰሜንና በምሥራቅ ጥቂት የማይባል መሬት ለኢጣልያ እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ሲሆን፥ ከዚያም በላይ በደቡብ ኢትዮጵያ እጅግ ሰፊ አገር የኢጣልያ የኢኮኖሚ መስፋፊያና የሰፈራ ቀጠና ሆኖ እንዲከለል ያዝዛል። የቀጠናው ወሰን ሲጻፍ ወንዝ አልተጠራም፤ ተራራ አልተጠራም፤ ሕዝብም አልተጠራም። በሰሜን 8ኛው ኬክሮስ፥ በምዕራብ 35ኛው ኬንትሮስ፥ በምሥራቅና በደቡብ ደግሞ ከኢጣልያ ሶማሊያና ከኬንያ ጋር ያለው ድንበር ነው ተባለ።

ዛሬ ይህ ስብሰባ የሚደረግበት ሺሺንዳ ከ8ኛው ኬክሮስ በስተ ደቡብ፥ ከ35ኛው ኬንትሮስም በስተ ምሥራቅ ይገኛል። ቦንጋም፥ ጅማም፥ ማጂም እንዲሁ። ጎሬ ግን በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ከመስመሩ ወዲያ ቀረች። የካፋ መንግሥት በነፃነቱ ዘመን ወሰኑን የሚያስከብረው ሕዝቡ በእጁ በቆፈረው ጥልቅ ቦይና በበሮቹ ላይ ባቆማቸው ጠባቂዎች ነበር፤ ቦዩ የት እንደ ተቆፈረ ዛሬም የሚያሳዩ ሽማግሌዎች አሉ። የ1928ቱ መስመር ግን በብዕር የተሰመረ ነው፤ ያሰመሩትም አገሩን አላዩትም።

ሐሳቡ ዕድሜ አላገኘም። በማግስቱ የፓሪስ ጋዜጦች ምስጢሩን አወጡት፤ የለንደኑ ዘ ታይምስ ለኢትዮጵያ ይሰጣታል የተባለውን የባሕር መውጫ የግመል መተላለፊያ ብሎ ተሳለቀበት፤ ሆርም በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህ ታሪክ የሚነገረው ስለ ሁለት የአውሮፓ ሚኒስትሮች ውድቀት ተብሎ ነው። ከሺሺንዳ ወጥቶ የዓለም አቀፍ ታሪክና ፖለቲካ ለማጥናት በአንድ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ ግን ሰነዱን ሲያነብ ጣቱ ካርታው ላይ ይቆማል። ጉዳዩ ስለ ሆርና ስለ ላቫል ብቻ አይደለም፤ ስለ አባቱ ቤት ነው። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህን ተማሪ ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለው ሰው በትምህርቱ ምን ያገኛል፥ ምንስ ያመጣል የሚለውን።

(ሰነዶቹ በቤተ መዛግብት የሚጠሩት በአውሮፓ ዘመን ስለ ሆነ ከዚህ በኋላ ዓመታቱ በዚያው አቆጣጠር ይጠቀሳሉ። የፓሪሱ ቀን በእነርሱ ዲሴምበር 8 ቀን 1935 ነው።)

የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ጥናት ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆኖ ከቆመ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ በ1919 በዌልስ አበሪስትዊት ላይ አንድ የፕሮፌሰር ወንበር ተቋቋመ። በ1927 ደግሞ ዊልያም ራፓርና ፖል ማንቱ ጄኔቭ ላይ ለድኅረ ምረቃ ብቻ የሚያገለግል ተቋም መሠረቱ። ሁለቱም የዓለም መንግሥታት ማኅበር ባለሥልጣኖች ነበሩ፤ ስለዚህ ትምህርቱ የተወለደው ከዚያ ማኅበር ደጃፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ያ ማኅበር ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ከያዛቸው ከባድ ጉዳዮች አንዱ የኢትዮጵያ ጉዳይ ነበር። አርኖልድ ቶይንቢ በየዓመቱ ያዘጋጀው የነበረው የዓለም ጉዳዮች ዳሰሳ የ1935ቱ ሁለተኛ ቅጽ በሙሉ ለኢትዮጵያና ለኢጣልያ የተሰጠ ነው። ለኢትዮጵያ ጥብቅና የቆሙት የፓሪሱ የሕግ መምህር ጋስቶን ዤዝ በ1936 መጀመሪያ ላይ በገዛ ፋኩልቲያቸው ተማሪዎች በጩኸት እንዳያስተምሩ ተከለከሉ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተማሪ ወደ ባዕድ ትምህርት የሚገባ እንግዳ ሆኖ ራሱን ማየት የለበትም፤ ትምህርቱ ፊደል የቆጠረው በእርሱ አገር መከራ ላይ ጭምር ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪውን በቅድሚያ የሚያስለምደው ነገር ወደ ኋላ መከተል ነው። የፓሪሱ መስመር ከሰማይ አልወረደም። በ1906 እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ምኒልክን ሳያማክሩ ለንደን ላይ በፈረሙት ውል፥ የኢጣልያን ኤርትራና ሶማሊያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚያልፍ አገር የማገናኘት ጥቅም ለኢጣልያ ተጠብቆላት ነበር። በዲሴምበር 1925 እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋውጠው ያንኑ አሳብ አደሱት፤ እንግሊዝ የጣናን ግድብ ስትሻ፥ ኢጣልያ በምዕራብ ኢትዮጵያ ብቸኛ የኢኮኖሚ ተጠቃሚነት እንዲታወቅላት ፈለገች። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ቢሉ ሁለቱ መንግሥታት ማንንም ማስገደድ አላሰብንም ብለው አፈገፈጉ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ፥ የካፋ ደንና ቡና ለሠላሳ ዓመት ያህል በሰው ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል እንደ ነበረ ይረዳል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። እነዚያ ኃያላን ይህን አገር ለመከለል ምን ምክንያት ያቀርቡ ነበር? ባርነትን ነው። በ1922 የኒውዚላንድ ልዑክ ሆነው የቀረቡት ሰር አርተር ስቲል ሜትላንድ የባርነትን ነገር በጄኔቭ ጉባኤ አነሡ። በማጂና በጎሬ የተቀመጡት የእንግሊዝ ቆንስሎች ስለ ደቡብ ምዕራቡ የባሪያ ፍንገላ ለመንግሥታቸው ይጽፉ ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ከእነዚህ ደብዳቤዎች እየመረጠ አሳትሞ ለፓርላማው አቀረበ። ሄንሪ ዳርሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1926 ያወጣው መጽሐፍ ስሙ ራሱ ስለ ባሮችና ስለ ዝሆን ጥርስ የሚናገር ነው። ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 የማኅበሩ አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል እንድትገባ ተደርጋ ነው። በመጨረሻም ሴፕቴምበር 4 ቀን 1935 የኢጣልያው ልዑክ ባሮን አሎይዚ ወፍራም የክስ መዝገብ ከነፎቶግራፉ በምክር ቤቱ ፊት ዘረጋ፤ ኢትዮጵያ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር ልትቀመጥ አይገባትም አለ። ወር ሳይሞላ ጦሩ ድንበር ተሻገረ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪው ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል። በዚህ ርእስ ሁለት ዓይነት ደካማ ጽሑፍ ይጻፋል።

አንደኛው ጽሑፍ ከሳሹ ወራሪ ስለ ሆነ ክሱ ሁሉ ፈጠራ ነው ይላል። አገር ወዳድነቱ መልካም ነው፤ ማስረጃው ግን አያቆመውም። የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ በ1923 የባሪያ ንግድን በሞት የሚያስቀጣ ዐዋጅ፥ በ1924 ደግሞ ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበትን ዐዋጅ አውጥቷል። የሌለ ነገር በዐዋጅ አይከለከልም። በ1942 የወጣው ባርነትን በሕግ የሻረው ዐዋጅም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተፈነገሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ከዚህ ከሺሺንዳ ጀምሮ እስከ ማጂ ድረስ ዛሬም አሉ። ለአገር ክብር ሲባል አያታቸው አልተሸጠችም ብሎ መጻፍ አያትየዋን ሁለተኛ ጊዜ መሸጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ጽሑፍ ደግሞ መከራው እውነት ስለ ሆነ የአሎይዚን መዝገብ እንዳለ ይገለብጣል። ይህም ያው ስንፍና ነው። ያ መዝገብ የተዘጋጀው የጦር መርከቦች ወታደር ወደ ምፅዋ ሲያመላልሱ ነው። ያዘጋጀው መንግሥት በሶማሊያ የእርሻ ቦታዎች ሰውን በግድ ያሠራ፥ ጥቂት ወራት ቆይቶም በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበ ነው። ሌባ ጎረቤቱን በሌብነት ቢከስስ ክሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዳኛ በሌባው ቃል ብቻ አይፈርድም። ቆንስሎቹም ቢሆኑ ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። አንድ ቆንስል ለአለቃው በምስጢር የጻፈው ደብዳቤና መንግሥቱ ለሕትመት መርጦ ያወጣው ክፍል የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፤ የትኛው አንቀጽ እንደ ተቆረጠ ማየት ራሱ ታሪክ ነው።

ቁጥርን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ የፀረ ባርነት ማኅበር በኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ባሮች አሉ ብሎ ይገምት ነበር፤ ይህም ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ ከ8 እስከ 16 ሚሊዮን ይሆናል ይባል ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1984 ነው። ጠቅላላው በእጥፍ የሚለያይበት አገር ውስጥ ክፍሉን ለይቶ ቆጠርሁ የሚል ሰው በምን ቆጠረው? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ መከራውን አላሳነሰም፤ የመከራውን ምስክር ከውሸት ምስክር ለየ እንጂ።

ለካፋ ልጅ ደግሞ ሌላ የሚያቆስል ገጽ አለ። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ሲይዝ፥ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾም ሲማረኩ፥ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ሕዝብም ተነዳ። ከወራት በኋላ በዚያው ያለፈው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተራቆተውን አገር አይቶ ጽፏል። ይህ ሁሉ በሚገባ መጻፍ አለበት። ነገር ግን የካፋ መንግሥት ራሱም በነፃነቱ ዘመን ባሪያ ይይዝና ይሸጥ ነበር። የተበደለ ሕዝብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ገጽ ዘልሎ ቢሄድ አንባቢው ሌላውንም ገጽ አያምነውም። የራስን ወገን ሰነድ እንደ ባዕድ ሰነድ አጥብቆ መመርመር በሴሚናር ክፍል የሚለመድ ነገር ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። አንዳንዱ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ርእሱን ይለውጣል።

ሌላው ሴሚናሩ የሚያስተምረው በቃል ላይ መዘግየትን ነው። ለዚህ ከስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን የበለጠ አብነት የለም። በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩት ይህ ሊቅ በ1964 ያወጡት ጥናት የ1889ኙን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ብቻ የያዘ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል የኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ አወጣው። ሩቤንሰን የአማርኛውን ግሥ፥ የኢጣልያንኛውን ቃልና በዙሪያው የተጻጻፉትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ መዘኑ። ኢጣልያዊው የታሪክ ሊቅ ካርሎ ጂሊዮ መልስ ጻፉባቸው፤ ሩቤንሰንም መልሱን መለሱ። ክርክሩ ያለ ስድብ፥ ያለ ጩኸት፥ በሰነድ ብቻ ተካሄደ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ይህን ክርክር ከዳር እስከ ዳር ቢያነብ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአገር ውስጥም ባዶ ሜዳ የለም። ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ግንኙነት በምዕራቡ ድንበር ላይ የሚመረምር ነው፤ ቆንስሎች፥ ነጋዴዎች፥ የድንበር ሹማምንት ሁሉ በዚያ ውስጥ ይመላለሳሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ተማሪዎቹ ወደየ ትውልድ አገራቸው እየተመለሱ ጽፈዋል፤ ተካልኝ ወልደ ማርያም በ1984 ስለ ጅማ መንግሥት ባርነትና የባሪያ ንግድ ያቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ ለዚህ አካባቢ ተማሪ ሁሉ የመነሻ ደረጃ ነው። እነዚህ ጽሑፎች አብዛኞቹ በታይፕ ተመትተው፥ ተጠርዘው፥ ስድስት ኪሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የተጻፈላቸው ሕዝብ ግን እምብዛም አላያቸውም።

ስለ ቋንቋ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ብቻ የዓለም አቀፍ ታሪክ መጻፍ በአንድ ዓይን ማየት ነው። የካፋን ነገር ለማጥናት የኢጣልያንኛ፥ የፈረንሳይኛ፥ የጀርመንኛ ንባብ ይጠይቃል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ ካፋ ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች፥ በ1920ና በ1923 የወጡት፥ በጀርመንኛ ናቸው። ሁለተኛው ቅጽ የታተመው ኢትዮጵያ ጄኔቭ ላይ ስለ ባርነት በተመረመረችበት በዚያው ዓመት ነው። ከዚህም በላይ ሰነዱ ያልታሰበበት አገር ይገኛል። ደቡብ ምዕራቡን ከጅማ ሆኖ ይገዛ የነበረው ጄኔራል ጋዜራ በጁላይ 1941 ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን የሰጠው ከቤልጅግ ኮንጎ ለመጣ ጦር ነው። ስለዚህ የካፋ ነፃ መውጣት አንድ ምዕራፍ ብራስልስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሌላው ምዕራፍ ደግሞ በእግሩ ከኮንጎ በመጣው ጥቁር ወታደር ቤተሰብ ዘንድ።

ቀድሞ ይህን ሁሉ ለማየት ገንዘብና ቪዛ ያስፈልግ ነበር። አሁን አንድ በር ተከፍቷል፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበር መዛግብት፥ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ገጽ፥ በ2022 በተፈጸመ ሥራ በኮምፒዩተር እንዲነበቡ ተደርገዋል። መብራትና ኔትዎርክ ያገኘ የሺሺንዳ መምህር የጄኔቭን የባርነት ጉዳይ ኮሚቴዎች ፋይል ከቤቱ ሆኖ ሊገልጥ ይችላል። የለንደኑ የውጭ ጉዳይ መዝገብና የሮማው ግን አብዛኛው ገና በቦታው ተገኝቶ የሚነበብ ነው።

በጄኔቩ መዝገብ ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር አለ። ዲፕሎማቶቹ ስለ ደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ በምክር ቤቱ ፊት የቆመና በካፊ ኖኖ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ከሳሹም ተከሳሹም ስለ እርሱ ሲከራከሩ እርሱ ራሱ ምስክር ሆኖ አልተጠራም። ያን ምስክርነት ከአፍ የሚቀበልና ከቆንስሉ ደብዳቤ ጋር የሚያስተያይ ተመራማሪ ከጄኔቭም ከለንደንም በቀላሉ አይገኝም። የካፋ ተማሪ በሴሚናሩ ጠረጴዛ ላይ ይዞት የሚቀመጠው ልዩ ነገር ይህ ነው። ጊዜው ግን እያለፈ ነው። በ1935 ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ከዘጠና ዓመት በላይ ነው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ልጆች ከአባቶቻቸው የሰሙት ይሆናል። እርሱም ቢሆን በጥንቃቄ ከተያዘ፥ ማን ለማን መቼ እንደ ነገረው ከተጻፈ፥ ከደብዳቤ አያንስም።

በዚህ ረገድ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ አካባቢ ለማስተርስም ሆነ ለዶክትሬት ሽማግሌዎችን እያነጋገረ ድምፅ የሚቀዳ ተማሪ ሁሉ ቅጂውን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር ይዞት ብቻ እንዳይሄድ፥ አንዱ ቅጂ ከተናጋሪው ፈቃድና ከቀኑ ጋር ቦንጋ እንዲቀር፥ ጥናቱም ሲጠረዝ አንድ ጥራዝ ተናጋሪዎቹ ለሚገኙበት ትምህርት ቤት እንዲላክ የማኅበሩ አማካሪዎች ከተማሪዎቻቸው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። የሺሺንዳ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያን ጥራዝ ቢያገኙ፥ ከ8ኛው ኬክሮስ በታች ስላለው አገር ከፓሪሱ ወረቀት ጋር አብረው የሚያነቡት ሁለተኛ ሰነድ ይኖራቸዋል።